ጊዜው ያለፈበት የታንግስተን ስላይድ ፊልም፦ «በየ10 ዓመቱ አንድ ስቶፕ» የሚባለው ለሱ አይሠራም

ሰላም ለሁላችሁም። ይሄን የውይይት ክር የከፈትኩት አንድ ምክር በየቦታው እየተደጋገመ የማይተካ ፊልም እያስበላ ስለሆነ ነው። ምክሩን ታውቁታላችሁ፣ ፊልሙ ጊዜው ካለፈበት በየ10 ዓመቱ አንድ ስቶፕ ብርሃን ጨምሩለት ይባላል፣ አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ነው። ለቀለም ኔጌቲቭ፣ ምስሉ ተገልብጦ ለሚወጣበት ፊልም፣ መጥፎ መነሻ አይደለም። ስላይድ ላይ ግን (ምስሉ ሳይገለበጥ በራሱ ቀለም የሚወጣበት ፊልም ነው)፣ ጊዜው ካለፈ 20 ዓመት የሆነውን ባለ 64 አይኤስኦ ፊልም (ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ብዙ ብርሃን ይፈልጋል) 16 ላይ አርጎ፣ ማለትም ሁለት ስቶፕ ጨምሮ ያነሳ ሰው ከላብ፣ ፊልም ከሚታጠብበት ቤት፣ የሚመለስለት ምስሉ የገረጣ፣ ሰማዩ ባዶ ፕላስቲክ የሆነ ፊልም ነው።

ለምን ቢባል ስላይድ የሚሠራው በተቃራኒው ነው። ኢ-6 በሚባለው የስላይድ አጠባብ ውስጥ ፈርስት ዴቨሎፐር የሚባለው ኬሚካል መጀመሪያ ብርሃን ያገኙትን የብር ቅንጣቶች ይወስዳቸዋል፣ ቀለሙ የሚሠራው ከዛ በኋላ ከተረፈው ነው። ብርሃን ያልነካው ቦታ ሁሉም ስለሚተርፍለት ጥቁር ይሆናል፣ ብርሃን የበዛበት ምንም ስለማይተርፍለት ነጭ ይሆናል። ፊልም ሲያረጅ ብርሃን ሳይነካቸው በራሳቸው የሚወጡ ቅንጣቶች ይበዛሉ፣ ፎግ የምንለው እሱን ነው። ኔጌቲቭ ላይ ፎጉ ጥላውን ስለሚሸፍነው ብርሃን ስትጨምሩ ምስሉ ከፎጉ በላይ ይወጣል፣ ምክሩም የመጣው ከዚህ ነው። ስላይድ ላይ ግን ፎጉ ራሱ ጥቁሩን አሳስቶታል፣ እናንተ ብርሃን ስትጨምሩበት የቀረውንም ትቀንሱበታላችሁ። ጥቁሩ አይመለስም፣ ነጩም ይሄዳል።

ታንግስተን መሆኑ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ፊልሙ የተሠራው ለ3200 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) የስቱዲዮ መብራት ነው፣ የቀን ብርሃን ደግሞ 5500 አካባቢ ስለሆነ ያለ ፊልተር ውጪ ካነሳችሁ ሁሉም ነገር ሰማያዊ ይሆናል። 85ቢ የሚባለው አምበር ፊልተር ያስተካክለዋል ግን ሁለት ሦስተኛ ስቶፕ ይበላል፣ ስለዚ 64ቱ 40 ይሆናል፣ 160ው 100 ይሆናል። በኋላ ስካን ላይ አስተካክለዋለሁ የምትሉ፣ ፊልሙ ላይ ቀዩን የሚይዘው ንብርብር በቂ ብርሃን ካላገኘ ስካነር ከየት ያመጣዋል? ሰማያዊውን ቀንሳችሁ ቀዩን ስትጎትቱ የምታገኙት ግሬን፣ ሻካራ ነጠብጣብ፣ ነው።

ደግሞ ይሄ ፊልም ዛሬ አዲስ አይሠራም። ኮዳክ ኤክታክሮም 64ቲም ፉጂ ቲ64ም ከቆሙ ከ10 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የተመለሰው ኤክታክሮም ኢ100 የዴይላይት፣ ለቀን ብርሃን የተሠራ፣ ነው፣ ሲኔስቲል 800ቲ ደግሞ ታንግስተን ቢሆንም ኔጌቲቭ ነው። ስለዚ እጃችሁ የገባ ታንግስተን ስላይድ ሁሉ ጊዜው ያለፈበት ነው ማለት ነው፣ ለዛ ነው የምጨነቅለት። የኔ አቋም፦ ሳጥኑ ላይ የተጻፈው አይኤስኦ ላይ አንሱት፣ ቀን ከሆነ ፊልተር አድርጉ፣ በግማሽ ስቶፕ ከላይም ከታችም ድገሙ፣ ከማለቂያ ቀኑ በላይ ደግሞ የት እንደተቀመጠ ጠይቁ።

ክሩ ስለረዘመ አዲስ ለምትገቡ የመጡትን መልሶች በየቁጥራቸው በራሴ አነጋገር እዚሁ ከሥር አስቀምጫለሁ፣ ያልተስማማሁበትንም ብያለሁ።

መልስ 1፦ የመጀመሪያው ልጅ በጣም በትህትና ነው የገባው። ከገዛበት ጊዜ ጀምሮ ፍሪዘር ውስጥ የነበረ 64ቲ አለው፣ 64 ላይ ላድርገው ወይስ 32 ላይ ብሎ ጠየቀ። ካሜራው ውስጡ ላይት ሚተር (የብርሃን መለኪያ) ያለው የድሮ ኤስኤልአር፣ በሌንሱ በኩል የሚታይበት ካሜራ፣ ነው። ይሄን ልጅ አስታውሱት፣ መጨረሻ ላይ ተመልሶ ይመጣል።

መልስ 2፦ አንዲት እህት ፍሪዘር የነበረ ዝግተኛ ፊልም እንደ አዲስ ነው የሚቆጠረው፣ 64 ላይ ተወው አለችው። ካወጣኸው በኋላ ግን ቆርቆሮውን ሳትከፍት የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ጠብቅ፣ ካለበለዚያ እርጥበት ፊልሙ ላይ ይቋጠርና ነጠብጣቡ ምስሉ ላይ ይቀራል ብላዋለች። ቅዝቃዜ ኬሚካሉን ያቆመዋል እንጂ ከሕዋ የሚመጣውን ጨረር አያቆመውም፣ ስለዚ ፈጣኖቹ እነ 320ቲ ፍሪዘር ውስጥም ቢሆኑ ቀስ እያሉ ፎግ ይይዛሉ የሚለውንም ጨመረች። ትክክል ነች።

መልስ 3፦ እዚህ ላይ ነገሩ ሞቅ አለ። አንዱ ገባና እኔ ሁሌም ሁለት ስቶፕ እጨምራለሁ፣ ሁሌም ይወጣልኛል፣ ቲዎሪውን ተውት አለና ምስሎች ለጠፈ። ምስሎቹ ደማቅ ናቸው፣ ኮንትራስታቸው ኃይለኛ ነው፣ ጥላው ውስጥ ዝርዝር አለ። እውነቱን ለመናገር ስላይድ ሁለት ስቶፕ በዝቶበት እንዲህ አይመጣም፣ ስለዚ ገና ሳየው የሆነ ነገር እንዳለ ገብቶኛል።

መልስ 4፦ ሌላ ሰው ቀድሞኝ ጠየቀው፣ ፊልሙ በምን ታጠበ? ኢ-6 ነው ወይስ ሲ-41፣ የቀለም ኔጌቲቩ አጠባብ?

መልስ 5፦ ባለ 3 ቁጥሩ ትንሽ ቅር ብሎት ላቡ ሲ-41 ብቻ ነው የሚሠራው፣ ምን ለውጥ ያመጣል ሲል መለሰ። ለውጡ ይሄ ነው ወንድሜ። ስላይድ ፊልም ሲ-41 ውስጥ ከገባ ኔጌቲቭ ሆኖ ነው የሚወጣው፣ ክሮስ ፕሮሰስ የሚባለው ማለት ነው፣ ኔጌቲቭ ከሆነ ደግሞ ፎጉ እንደ ማንኛውም ኔጌቲቭ ጥላውን ይሸፍናል፣ ብርሃን መጨመርም ይረዳዋል። የሱ ምስሎች እውነት ናቸው፣ ምክሩም ለሱ አጠባብ ይሠራል። ግን ይሄንን አንብቦ ጨምሮ አንስቶ ኢ-6 ላብ የሚልክ ሰው ፊልሙን አጣ ማለት ነው። ስለዚ ከማንሳታችሁ በፊት በምን እንደሚታጠብ ወስኑ፣ ካነሳችሁ በኋላ ሐሳብ መቀየር አይቻልም። አንድ ጥቅልም የምታነሱት ለአንዱ ብቻ ነው።

መልስ 6፦ ይሄ ለኔ የክሩ ምርጥ መልስ ነው። ለረጅም ጊዜ ላብ ውስጥ የሠሩ አንድ ትልቅ ሰው ናቸው የጻፉት፣ ሁላችንም ጋሼ እያልን ነው የቀጠልነው። ምስሉን ከማየታችሁ በፊት ጠርዙን እዩ ነው ያሉት። ቀዳዳዎቹ ያሉበት ዳር፣ የፍሬም ቁጥሮቹ የሚታተሙበት፣ ካሜራ ውስጥ ምንም ብርሃን አያገኝም፣ ስለዚ በደንብ የታጠበ ጤነኛ ስላይድ ላይ ጥቁር፣ ድፍን ያለ ጥቁር መሆን አለበት። ላይት ቦክስ (ከሥሩ የሚበራ ሰሌዳ) ላይ አድርጋችሁ ስታዩት ጠርዙ ቡናማ ወይ ወደ አረንጓዴ ወይ ወደ ሐምራዊ ያለ ከሆነ ፊልሙ ፎግ ይዟል፣ የቀለሙ አቅጣጫ ደግሞ የትኛው ንብርብር ቀድሞ እንደደከመ ይነግራችኋል። ጠርዙ ድፍን ጥቁር ሆኖ ምስሉ ግን ከደበዘዘ ወይ ከጨለመ ጥፋቱ የኤክስፖዠር፣ ፊልሙ ሲነሳ ያገኘው የብርሃን መጠን፣ ነው፣ ፊልሙን አትውቀሱት። ከአንድ ቦታ ተነስቶ በቀዳዳዎቹ መሀል አልፎ ምስሉ ላይ የሚፈስ ብርቱካናማ ነገር ካያችሁ ደግሞ የካሜራው ጀርባ ስፖንጅ ተበልቶ ብርሃን ያስገባል ማለት ነው። ፎግ እኩል ነው የሚሸፍነው፣ ሊክ (ካሜራው የሚያስገባው ብርሃን) መነሻ አለው። ስንቱ ሰው የካሜራውን ቀዳዳ በፊልሙ ዕድሜ ሲያሳብብ አይቻለሁ፣ ይሄን አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይበቃል።

መልስ 7፦ ምስጋና ብቻ ነው፣ ከጋሼ ለተማርነው። ተጨማሪ ካለዎት ይጻፉልን ብሎ ለመነ።

መልስ 8፦ ጋሼም ጻፉ፣ እግዜር ይስጥልን። ፈርስት ዴቨሎፐር 38 ዲግሪ ላይ 6 ደቂቃ ነው፣ አንድ ስቶፕ ፑሽ ሲደረግ፣ ማለትም ጊዜው ሲረዝም፣ ወደ 8 ደቂቃ ይሄዳል። ላረጀ ፊልም ፑሽ ማድረግ ፎጉንም አብሮ ያወጣዋል፣ ጥቁሩ ይብስ ይሳሳል። በተቃራኒው ትንሽ ብርሃን ጨምሮ አንስቶ የፈርስት ዴቨሎፐሩን ጊዜ ማሳጠር ጥቁሩን በመጠኑ ያድነዋል፣ ኮንትራስቱ ግን ይወርዳል፣ ቀለሙም ሊያጋድል ይችላል። ፎግ የሚከለክል ቤንዞትራያዞል የሚባል ኬሚካል በጥቂቱ የሚጨምሩ አሉ፣ እሱ ግን በራሱ ለሚያጥብና መዝግቦ ለሚይዝ ሰው ነው እንጂ ከበዛ ስፒዱን (አይኤስኦውን) ይበላዋል ብለዋል። እዚህ ጋ የኔን አቋም እንዳሰፉት ልብ በሉ፣ ብርሃን መጨመር የሚሠራው ከአጠባቡ ጋር አብሮ ከተቀነሰ ብቻ ነው።

መልስ 9፦ አንዲት ልጅ ሌላ በር ከፈተች። እኔ 85ቢውን ሆን ብዬ ነው የማላደርገው፣ ሰማያዊውን ነው የምፈልገው አለች። ሲኒማ ውስጥ ቀን ቀርጾ ሌሊት ለማስመሰል የታንግስተን ፊልም ያለ ፊልተር አሳንሶ ማንሳት የቆየ ዘዴ መሆኑንም አነሳች። ከመሸ በኋላ ሰማዩ ገና ሳይጠቁር ስታነሳ ሰማዩ ጥልቅ ሰማያዊ ሆኖ በመስኮት የሚታየው አምፖል ደግሞ ከሞላ ጎደል ነጭ ሆኖ ይወጣልኛል ብላለች። በዚህ ምንም ክርክር የለኝም፣ የፊልሙ ውበት እዛ ሰዓት ላይ ነው።

መልስ 10፣ 11፣ 12 እና 13፦ እነዚህን ባላነባቸው እመርጥ ነበር። አንዱ ሰማያዊ የሚሉት ነገር ማንሳት የማይችሉ ሰዎች ሽፋን ነው አለ፣ ልጅቷ ምስሎቼን አይተሃቸዋል ወይ ብላ ጠየቀችው፣ እሱ ደግሞ ማየት አያስፈልገኝም አለ፣ በመጨረሻ አወያዩ ገብቶ አስቆማቸው። ሰውየው የተናገረበት መንገድ ነውር ነው። ከጀርባው ግን አንድ እውነተኛ ጥያቄ ነበር፣ ቀለሙ ተፈልጎ የመጣ ነው ወይስ ሳይታሰብ? ልጅቷ ምስሎቿን ስትለጥፍ ግልጽ ሆነ፣ ነጩ ነጭ ነው፣ ጥቁሩ ድፍን ነው፣ ሰማያዊው መሀል ላይ ብቻ ነው ያለው። ያ በኤክስፖዠር የተገኘ ነው። ፊልተር ረስቶ በኋላ ሙድ ነው የሚል ሰው ፎቶ ላይ ሰማያዊው ጥላውም ብሩሁም ውስጥ ነው የሚገባው።

መልስ 14፦ የወረደው ክርክር ገና ሳይበርድ አንዱ ስለ ባትሪ ጠየቀ፣ ከዛ በኋላ ክሩ ለረጅም ጊዜ ከፊልሙ ወጣ። ግን ጠቃሚ ነበር። እ.ኤ.አ. የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ ብዙ ካሜራዎች የተሠሩት ለ1.35 ቮልት የሜርኩሪ ባትሪ ነው፣ እነ ፒኤክስ625፣ አሁን ሜርኩሪው ታግዷል። በምትኩ የ1.5 ቮልት አልካላይን የሚያስገባ ሰው ላይት ሚተሩ ብዙ ጊዜ ከእውነቱ በላይ ብርሃን ያነብበታል፣ ፊልሙም ይጨልማል። ለኔጌቲቭ ምንም አይመስልም፣ ስላይድ ላይ ግማሽ ስቶፕ ወዲያው ይታያል።

መልስ 15 እስከ 17፦ ለጆሮ መስሚያ የሚሆነው የዚንክ ባትሪ ቮልቱ ስለሚቀርብ ይሻላል ግን አየር ካገኘ በኋላ ቶሎ ያልቃል፣ ፔንታክስ ስፖትማቲክ ሰርኪዩቱ የቮልት ልዩነትን ስለሚችል አያስጨንቅም፣ ኦሊምፐስ ትሪፕ 35 እና ዜኒት-ኢ ሚተራቸው ከብርሃን ራሱ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ የሴሌኒየም ሴል ስለሆነ ባትሪ የላቸውም ግን ሴሉ ራሱ ሊደክም ይችላል ተባለ። ሁሉም ልክ ነው። እኔ ለስላይድ የማምነው በእጅ የሚያዝ ላይት ሚተር ነው፣ ወይም ደህና ዲጂታል ካሜራ ይዞ ማመሳከር።

መልስ 18፦ ይሄ አጭር ነው ግን ብዙ ሰው ያድናል። ላይት ሚተሩ በሌንሱ ውስጥ የሚያነብ ከሆነ ወይም ሴሉ ከፊልተሩ ኋላ ሌንሱ ቀለበት ውስጥ ከሆነ ፊልተሩ የበላውን ብርሃን ራሱ አይቶታል፣ አይኤስኦውን 64 ላይ ተዉት። ሴሉ ካሜራው ፊት ላይ ለብቻው ከሆነ ወይም የእጅ ሚተር ከሆነ 40 ላይ አድርጉ። ሁለቱንም የሚያደርግ ሰው ሁለት ጊዜ ነው የሚጨምረው፣ ሰማዩም ይሄዳል።

መልስ 19፦ ሻተር፣ ለፊልሙ ብርሃን የሚከፍተውና የሚዘጋው መጋረጃ። የድሮ ሻተር እየደረቀ ሲሄድ ይዘገያል፣ 1/500 የተባለው 1/250 ሊሆን ይችላል፣ እሱም ብቻውን አንድ ስቶፕ ነው። የጻፈው ሰው ያስተማረው ዘዴ ቀላል ነው፣ ጀርባውን ከፍታችሁ ሌንሱን አውልቃችሁ ብሩህ ግድግዳ ላይ አነጣጥሩና በከፍተኛው ፍጥነት ተኩሱ፣ በአንድ በኩል ያለው ዳር ጨለም ብሎ ከታያችሁ የሚዘጋው መጋረጃ በሚከፍተው ላይ እየደረሰበት ነው፣ ስላይዱም በዛው በኩል ይጨልማል። ዝግተኞቹን ፍጥነቶች ደግሞ በስልክ ስሎው ሞሽን ቀርጾ ፍሬም መቁጠር ይቻላል፣ በሰከንድ 240 ፍሬም በሚቀርጽ ስልክ 1/30 ስምንት ፍሬም አካባቢ መታየት አለበት። እኔ የምጨምረው፣ ጊዜው ላለፈ ስላይድ ፈጣኑን ፍጥነት ከመጠቀም ትራይፖድ ላይ አርጋችሁ መሀለኞቹን ተጠቀሙ። የታንግስተን ስላይድ ለስቱዲዮ ረጅም ኤክስፖዠር ታስቦ ነው የተሠራው፣ ረጅም ሰዓት ከዴይላይት ፊልም የተሻለ ይችላል።

መልስ 20 እና 21፦ አንዱ ኮዳክሮም 40 አገኘሁ፣ ታንግስተን ነው አይደል፣ የት ላሳጥበው ብሎ ጠየቀ። ያ ታይፕ ኤ የሚባለው ነው፣ ለ3400 ኬልቪን፣ የሚታጠበውም ኬ-14 በሚባል በራሱ አጠባብ ነበር፣ የመጨረሻው ላብ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ላይ ፊልም መቀበል አቁሟል። ዛሬ ጥቁርና ነጭ አድርጎ ማጠብ ብቻ ነው የሚቻለው፣ እሱም ጀርባው ላይ ያለው ጥቁር ሽፋን መነሳት አለበት። 21ኛው ደግሞ ከኢ-6 በፊት ስለነበሩት የኢ-4 ኤክታክሮሞች አስጠነቀቀ፣ ኢመልሽናቸው (ምስሉን የሚይዘው ሽፋን) የኢ-6ን ሙቀት ስለማይችል ሟሙቶ ሊላጥ ይችላል፣ የላቡን ኬሚካልና የሌላ ሰውንም ፊልም ያበላሻል። ሳጥኑ ላይ ኢ-6 የሚል ካላያችሁ ሳትጠይቁ አትላኩ። ላቦች የቆየ ስላይድ አንቀበልም የሚሉት አንዱ በዚህ የተነሳ ነው።

መልስ 22፦ ቤት ውስጥ አምፖል ሥር አነሳሁት ግን አሁንም ቢጫ ሆነብኝ ያለች ነበረች። የቤት አምፖል 2700 ወይ 2800 ኬልቪን አካባቢ ነው፣ ከ3200 በታች ስለሆነ ትንሽ መሞቁ የሚጠበቅ ነው። ኤልኢዲ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ ሳጥኑ ላይ 3200 ቢልም አንዳንዱ የቀለም ክፍተት ስላለው ቆዳን አረንጓዴ ያደርጋል። ብርቱካናማዎቹ የሶዲየም የመንገድ መብራቶች ደግሞ ሙሉ ቀለሙን አይሰጡም፣ የሌለን ቀለም ፊልተር አያመጣም።

መልስ 23፦ አንዱ ይሄ ሁሉ ድካም ለምንድነው፣ ይሄን መልክ የሚሰጥ አፕ ስልክ ላይ አለ አለ። 24 እና 25 በኃይለ ቃል መለሱለት። እኔ የምለው ሰውየው ጠላት አይደለም፣ ግን የታጠበ ስላይድ ላይት ቦክስ ላይ ይዞ አይቶ አያውቅም። ያየ ሰው እንዲህ አይጠይቅም።

መልስ 26፦ መጀመሪያ የጠየቀው ልጅ ተመለሰ፣ ክሩን ሁሉ አንብቦ ነው የሠራው። የፊልሙ ምላስ (መጀመሪያ ካሜራው ውስጥ የሚገባው ጫፍ) አካባቢ ባሉት የመጀመሪያ ፍሬሞች ላይ አንድ ዕቃ በ85ቢ ፀሐይ ላይ አስቀምጦ በሳጥኑ አይኤስኦ፣ ግማሽ ስቶፕ በላይ፣ ግማሽ ስቶፕ በታች አነሳ፣ አንድ ፍሬም ባዶ ዘለለ፣ የቀረውን ጥቅል በመደበኛው አነሳ። ላቡ የመጀመሪያውን ቁራጭ ጨለማ ውስጥ ቆርጦ ለብቻው አጠበለት። ጠርዙ ጥቁር ነው፣ በጣም ጥቂት ወደ ቡናማ ያደላ። ግማሽ ስቶፕ የበዛበት ላይ ነጩ ጨርቅ ሽመናው ጠፍቷል፣ በሳጥኑ አይኤስኦ ያለው ላይ ግን የጨርቁ ክር ይታያል። የቀረውን ያለ ፑሽ ያለ ፑል፣ ጊዜ ሳይረዝም ሳያጥር፣ አሳጠበው።

መልስ 27፦ ጋሼ ጥሩ ሠርተሃል ልጄ አሉትና ቀጥሎ ለጠየቀው መልስ ሰጡ። ሌላ ጥቅል አለው፣ እሱ መሳቢያ ውስጥ ሙቀት ላይ የኖረ 160ቲ ነው። እሱን በዚህኛው አትለካው፣ ለብቻው ቁራጭ አሳጥብለት፣ ጠርዙ በጣም ከሳሳ ለኢ-6 አታባክነው፣ ሲ-41 ይሁንና ያኔ ብርሃን ጨምርለት አሉት።

ክሩ ክፍት ነው። ከዚህ በኋላ ምስል የምትለጥፉ ግን እባካችሁ እነዚህን አብራችሁ ጻፉ፦ የፊልሙ ዓይነት፣ የት እንደተቀመጠ፣ በስንት አይኤስኦ እንዳነሳችሁት፣ ፊልተር መኖር አለመኖሩን፣ ሚተሩ በፊልተሩ ውስጥ ነው ወይስ በውጪ ያነበበው፣ በምን እንደታጠበ፣ ከተቻለም ጠርዙ የሚታይበት ያልተቆረጠ ስካን።